አየር ያጠረው ሞተር

በማስታወሻ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ አለ፤ 3,500። ከዚህ በላይ አንድ ዶላር እንዳልጨምር ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል። በዚህ ገንዘብ የ2004 ሲልቨራዶዬን (የሸቭሮሌ ፒክአፕ ናት) ሞተር አወርድና ሌላ እጭናለሁ፤ ለአዲሱም ናይትረስ (ለሞተሩ ተጨማሪ ኦክስጅን የሚሰጥ ጋዝ) እገጥምለታለሁ። ገንዘቡን ያጠራቀምኩት ሌሊት ሌሊት ከዴንቨር አየር ማረፊያ መንገደኛ እያመላለስኩ ነው፤ እያንዳንዱ መቶ ዶላር ስንት ሰዓት እንቅልፍ እንደወሰደብኝ አውቃለሁ። እቅዱን ስጽፍና ስሰርዝ አምስት ወር ሞላኝ። የናይትረሱን ቦምቦላ ገና አልገዛሁትም። ይህን የምጽፈው አምስቱ ወር ምን ላይ እንዳለቀ ለመናገር ነው፤ ምክንያቱም ከሞተሩ ይልቅ እቅዱ ብዙ አስተምሮኛል።

የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ግድም። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ይህ ቆላ ነው፤ ደረጃ ስንወጣ እንኳ አይታወቀንም። ሞተር ግን ይታወቀዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይጥላል የሚል የመካኒኮች ስሌት አለ። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት። ፋብሪካው 285 የፈረስ ጉልበት አለው ብሎ የሸጠው ሞተር እዚህ ሲደርስ 240 አካባቢ ይቀረዋል ማለት ነው። ሞተሩ ታሞ አይደለም፤ የሚተነፍሰው አንሶት ነው።

ይህን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ ነው። አባቴ በፊያት ኤንትሬ ከአሰብ ወደብ አዲስ አበባ ዕቃ ሲያመላልስ ኖሯል፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። ጉዞው ከቀይ ባሕር ጠርዝ ይነሳል፤ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በሚሌና በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ደብረ ሲና ነው፤ ከደብረ ሲና በላይ ደግሞ ጣርማበር። ከዜሮ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ መውጣት ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ይዞኝ ሄዷል። የጣርማበር ጠመዝማዛ ሲጀምር ማርሽ ይቀንሳል፤ ጥቁር ጭስ ከኋላችን ይግተለተላል፤ ሰው በእግሩ የሚቀድመን ይመስለኝ ነበር። «አየር አጠረው» ይላል አባቴ፣ ስለ ሰው እንደሚናገር። የሚሰጠው ናፍጣ አልቀነሰም፤ ናፍጣውን የሚያቃጥለው አየር ነው የቀነሰው። ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አባቴ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ከጭሱ ቀለም ነው ያነበበው። ጭሱ ሲጠቁር እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል። ናፍጣ ማብዛት ጉልበት እንደማይሆን ያውቅ ነበር።

ናይትረስን ሳውቀው ትዝ ያለኝ ያ ዳገት ነው። ናይትረስ ኦክሳይድን ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1772 አገኘው። የጥርስ ሐኪሞች «የሳቅ ጋዝ» የሚሉትም እሱኑ ነው። ብዙ ሰው ነዳጅ ይመስለዋል፤ ራሱ ግን አይነድም። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ 300 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲደርስ ይሰነጠቅና ኦክስጅኑን ይለቃል። በክብደት ሲታይ ተራ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 23 በመቶ ነው፤ ናይትረስ ውስጥ ያለው 36። በዚያ ላይ ከቦምቦላው የሚመጣው ፈሳሽ ሆኖ ነው፤ ከዜሮ በታች 88 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ፈሳሽ ስለሆነ ሲተን አብሮት የሚገባውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ይጠቀጠቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አየር ኃይል ጂኤም-1 በሚባል ዘዴ ይህንኑ ፈሳሽ በታንክ እየጫነ፣ አየር በሚሳሳበት ከፍታ ለተዋጊ አውሮፕላኖቹ ሞተር ይሰጥ ነበር። ይህን ባነበብኩበት ሌሊት አልተኛሁም። ነገሩ ከመነሻው ለእሽቅድምድም ሳይሆን ለከፍታ የታሰበ ነው። አባቴ ጣርማበር ላይ ያጣው ነገር ቦምቦላ ውስጥ ተጭኖ ይሸጣል።

በዚህ ስሌት ውስጥ ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይህ ነው፤ ከፍታ የሞተሩን ጉልበት ሲቀንስ የናይትረሱን አይቀንስም። ኦክስጅኑን ይዞ ነው የሚመጣው። 100 የፈረስ ጉልበት የሚጨምር ናይትረስ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ባለችው ሂዩስተን ላይም እዚህም 100 ነው። እዚያ ግን 100ው የሚታከለው 285 ላይ ነው፣ እዚህ 240 ላይ። ስለዚህ እኛ ዘንድ ልዩነቱ በመቀመጫ ይታወቃል። አደጋውም እንዲሁ።

የአደጋው ነገር በኮሎራዶ ቤንዚን ይገባል። እዚህ ተራው ቤንዚን 85 ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው መፈንዳትን የሚቋቋምበት ልክ) ነው፤ ዝቅ ባሉት ግዛቶች 87። ምክንያቱ ያው ከፍታው ነው። ሲሊንደር የሚገባው አየር ስስ ስለሆነ ሲታመቅ ግፊቱ ያንሳል፤ ሞተሩም ቶሎ አያንኳኳም (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው አይፈነዳም)። ስስ አየር ጉልበት ቢወስድም በምትኩ ምሕረት ይሰጣል። ናይትረስ በተከፈተባት ሰከንድ ግን ምሕረቱ ይነሳል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሞተር ይበልጣል። ስለዚህ ደብተሬ ላይ በቀይ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ 91 ኦክቴን ብቻ፤ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚጥልበት ጊዜ) በየ50 የፈረስ ጉልበቱ 2 ዲግሪ ወደ ኋላ፣ ለ100 ማለት 4 ዲግሪ፤ ካንዴላው ከፋብሪካው አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ፣ አፉም ጠበብ ያለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ መቶ ዶላር እንኳ አይሞላም። ሞተር የሚያጠፋው ግን ይህንን መዝለል ነው።

ሞተሩን መምረጥ አላስቸገረኝም። ጄኔራል ሞተርስ ኤልኤም7 የሚለው 5.3 ሊትር ቬ-8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ከ1999 እስከ 2007 በሲልቨራዶ፣ በሲየራ፣ በታሆ፣ በሰበርባን፣ በዩኮን ላይ ተገጥሟል። አሜሪካ ውስጥ የአሮጌ መኪና ግቢ ገብቶ እሱን ማጣት አይቻልም። ሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ብረት ነው፤ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) አልሙኒየም። ዋናውን ዘንግ የሚይዘው እያንዳንዱ ቆብ በስድስት ቡሎን ታስሯል፤ አራቱ ከታች፣ ሁለቱ ከጎን። ይህን ያህል ጠንካራ ነገር ለጭነት መኪና የሠሩት ለእሽቅድምድም አስበው አይደለም፤ ጀልባና ተጎታች እየጎተተ 300,000 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ነው። የእኔ መኪና የመጣችበት 4.8 የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት አንድ፣ 96 ሚሊሜትር፤ የፒስተኑ ጉዞ ብቻ ይለያያል፣ 83 እና 92። መቀመጫውም ሽቦውም ይገጥማል። ኮምፒውተሩን ማስተካከል ብቻ ነው የሚቀረው።

ግቢው ሶማሌ ተራን አስታወሰኝ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ውስጥ ያደገ ሰው ከተቆራረጠ መኪና ውስጥ ደህናውን ዕቃ በዓይኑ ይለያል፤ እኔ ያንን ዓይን አላገኘሁም። አብረውኝ የሄዱት ግን አላቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ሃያ ዓመት ሶማሌ ተራ ሞተር ሲያወርዱ የኖሩ፣ አሁን እዚህ አውቶቡስ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። እሳቸውን ሳልይዝ ብቻዬን በሄድኩበት ቀን ተሳሳትኩ። ከአንድ ግቢ በ500 ዶላር የገዛሁትን ሞተር «ደህና ነው፣ ዋስትና አለው» ብለው ሸጡልኝ። ቤት ወስጄ የቫልቭ ሽፋኑን ሳነሳ ዘይቱ የወተት ቡና መስሏል። ጋሼ መጥተው በባትሪ እያበሩ ቴስታታውን አዩትና አንድ ጽሑፍ አሳዩኝ፤ ካስቴክ። በ706 ቁጥር ከሚታወቁት ቴስታታዎች መካከል ይህ ስም የተቀረጸባቸው ከላይ ከሽፋኑ ስር በፀጉር ስንጥቅ ይሰነጠቃሉ፤ የራዲያተሩ ውሃ ዝም ብሎ ዘይት ውስጥ ይገባል። ከ2001 እስከ 2006 በተሠሩ መኪኖች ላይ የታወቀ ችግር ነው፤ እኔ ብቻ ነበርኩ ያላወቅሁት። ዋስትናው ሥራ ላይ ሳይውል የሚያስቀር አንቀጽ ነበረበት። በጣም አዝኜ ነበር፤ 500 ዶላር በእኔ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጋሼ ግን ሞኖብሎኩን አገላብጠው አዩ፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ በጥፍራቸው ዳሰሱ፣ «ልጄ፣ ቤቱ ደህና ነው፤ ጣሪያው ነው የፈሰሰው» አሉኝ። 862 የሚል ቁጥር ያለው ቴስታታ ጥንዱን በ160 ዶላር አገኘን። ለመተካት ይገጥማል።

ቴስታታው ባይሰነጠቅ ኖሮ ሞተሩን ሳልከፍተው ነበር የምጭነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የእቅዱ ልብ ይህ ነውና።

በርካሽ ናይትረስ ከሚገጥሙ ሰዎች መካከል ሁለት ሐሳብ አለ። አንደኛው «አትክፈተው» ይላል። ብዙ የሄደ ሞተር ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ስለተበላ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በራሱ ሰፍቷል፤ እንዲያውም ለናይትረስ ይስማማል፤ ገንዘብህን ለጋዙ አውጣ ይላል። ሁለተኛው «ክፈተው፣ ለካ፣ ሞርድ» ይላል። መጀመሪያ ከአንደኛው ወገን ነበርኩ። የሚማርከውም ቁጥቡን ሰው ነው፤ ምንም አለማድረግን እንደ ጥበብ ያቀርብልሃል።

ፋሻ ክብ ሆኖ አንድ ቦታ የተቆረጠ ቀለበት ነው። ሲሞቅ ይረዝማል፤ የቆረጡትም ለዚያ ነው፣ ሲረዝም መግቢያ እንዲኖረው። ፋብሪካው ክፍተቱን የለካው ለተራ ሙቀት ነው። ናይትረስ ሲከፈት ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፋሻው ከታሰበለት በላይ ይረዝማል፤ ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለም። ወደ ውጭ ይገፋል፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይነክሳል። ፒስተኑ ደግሞ በሲሊከን የበለጸገ፣ ቀልጦ የፈሰሰ አልሙኒየም ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ሳይታጠፍ ይሰበራል። ፋሻውን የያዘው የፒስተኑ ጠርዝ እንደ ሸክላ ይነሳል። አንድ ወዳጄ እንዲህ ሆኖበት ሞተሩን ሲፈታ አብሬው ነበርኩ። የተሰበረችውን ቁራጭ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ጥፍር ታክላለች። ሞተሩ «አልተከፈተም» ነበር። የተበላ ፋሻ ነው ብሎ ገምቶ ነው፤ አልለካውም። ሰባቱ ሲሊንደር ምናልባት በቂ ክፍተት ነበራቸው። ስምንተኛው አልነበረውም።

ጋሼን ጠየቅኋቸው። ናይትረስ በሕይወታቸው ገጥመው አያውቁም። «ያላየኸውን ነገር አውቀዋለሁ አትበል፤ ክፍተቱ ምን ያህል እንደሆነ በዓይንህ አይተሃል?» ብቻ አሉኝ። አላየሁም። እና ቴስታታው ለማንኛውም ወርዷል። ዘይት ቤቱ ሲከፈት ፒስተኖቹ ይወጣሉ፤ የሚቀረው አዲስ ፋሻና ብሮንዚና (የዘንጉ ማረፊያ)፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እና ቡሎን ነው። የዚህ ሞተር የቴስታታ ቡሎን ሲጠብቅ ስለሚሳብ ሁለተኛ አይታሰርም፤ እሱም አዲስ መሆን አለበት። ሁሉም ተደምሮ 520 ዶላር። ደብተሬ ላይ ለአዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የያዝኩትን 400 ሰረዝኩና የቀረውን ከመጠባበቂያው ወሰድኩ።

ካምሻፍቱን ስሰርዝ አመመኝ፤ መደበቅ አልፈልግም። የዚህ ሞተር ፍቅር ግማሹ ድምፁ ነው። ትልቅ ካም የገባበት ቬ-8 በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ሲንተከተክ ከሩቅ ይለያል። ግን ካሙ የሚሰጠኝን ጉልበት ናይትረሱ ይሰጠኛል። ፋሻው የሚሰጠኝን ካሙ አይሰጠኝም። ሰዎች በጠባብ በጀት ሲያቅዱ መጀመሪያ የሚቆርጡት የማይሰማውንና የማይታየውን ነው፤ መለኪያውን፣ መቆጣጠሪያውን፣ ፓምፑን። እኔም የመጀመሪያው እቅዴ ላይ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ያንን ገጽ ቀድጄ አልጣልኩትም።

አሁን ወዳልገባኝና ብዙ ጊዜ ወደወሰደብኝ ነገር ልምጣ። ናይትረስ የሚፈሰው በጊዜ ተለክቶ ነው። ጄት የምትባል ቀዳዳዋ የተለካ ትንሽ ናስ አለች፤ በሰከንድ የምታሳልፈው መጠን አንድ ነው፤ ሞተሩ በፍጥነት ይዙር በቀስታ ግድ የላትም። በየደቂቃው አንድ እንስራ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ አስቡ። ሰልፉ ላይ ስምንት ሰው ካለ ይካፈሉታል፤ አራት ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው እጥፍ ይደርሳል። ሞተሩ በደቂቃ 4,000 ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ ምት የሚደርሰው መጠን፣ በ2,000 ዙር እጥፍ ይሆናል። በዝቅተኛ ዙር ናይትረስ የከፈተ ሰው 100 የገዛ መስሎት ቢዬላው (ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ላይ የሚጭነው ከዚያ እጅግ የከፋ ምት ነው። በዚያ ላይ የዚህ ሞተር አየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ፕላስቲክ ነው። በዝቅተኛ ዙር አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ቤንዚኑ እዚያው ይጠራቀማል፤ አንዲት የእሳት ብልጭታ ወደ ኋላ ከመጣች ማኒፎልዱ ኮፈን ስር ይፈነዳል። ማርሽ ሳጥኑም 4ኤል60ኢ የሚባለው ነው፤ በጉልበት ብዛት የሦስተኛና የአራተኛ ማርሹ ፍሪሲዮን እንደሚቃጠል የታወቀ ነው።

ሦስቱም ችግሮች መፍትሔያቸው አንድ ትንሽ ሳጥን ናት። ከ3,200 ዙር በታች አትከፍትም፣ ከ5,800 በላይ ትዘጋለች። ፔዳሉ መጨረሻው ድረስ ካልተረገጠም አትከፍትም። ከእሷ ጋር የቤንዚን ግፊት ከወደቀ ናይትረሱን የሚቆርጥ ሌላ ማብሪያ አለ። የናይትረስ ዘዴዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ናይትረሱን ብቻ የሚረጭና ቤንዚኑን አብሮ የሚረጭ። ሁለተኛውን መርጫለሁ፤ ቤንዚኑ ከጎኑ ስለሚመጣ የሞተሩን ኢንጀክተሮች መቀየር የለብኝም። ግን ፓምፑ ከደከመ ናይትረሱ መምጣቱን አይተውም፤ ቤንዚን የሌለበት ኦክስጅን ፒስተን ያቀልጣል። አባቴ ጥቁር ጭስ ሲያይ እግሩን ያነሳ ነበር። እዚህ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚያስጠነቅቅ ጭስ የለም። የሚጎድለው ነዳጅ ሲሆን ዓይንህ የሚያየው ነገር ሳይኖር ሁሉም ያልቃል። ስለዚህ ያገለገለ ፓምፕ አልገዛም፤ 110 ዶላር ለአዲስ።

ቦምቦላው 10 ፓውንድ የሚይዝ ይሆናል። በ100 የፈረስ ጉልበት አሥር ሰከንድ ሲከፈት ወደ 1 ፓውንድ ያህል ይወስዳል፤ አሥር ጊዜ ያህል ያስሮጠኛል ማለት ነው። ግፊቱ በሙቀት ነው የሚወሰነው። በ30 ዲግሪ ሴልሲየስ ከ900 ፒኤስአይ ትንሽ በላይ ነው፤ በዜሮ ዲግሪ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ቦምቦላው ሲቀዘቅዝ ናይትረሱ ያንሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሲግል ደግሞ ናይትረሱ ይበዛል፣ ቤንዚኑ አይበቃም። በኮሎራዶ የጸደይ ጠዋትና ከሰዓት መካከል ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ስለዚህ ግፊቱ ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እቅዱ ውስጥ አለ። በእሳት ቦምቦላ የሚያሞቁ ሰዎች አይቻለሁ፤ ልጄ እያየ አንድም ቀን አላደርገውም፣ ልጄ በሌለበትም። ቦምቦላው ከኋላ በጭነቱ ላይ ይታሰራል፣ ሰው ከሚቀመጥበት ውጭ። ለመኪና የሚሸጠው ናይትረስ ውስጥ ሰው እንዳይተነፍሰው ትንሽ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል፤ ይህንንም ልጄን አስረድቼዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከእሱ የሚደበቅ ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ጎዳና ላይ ቦምቦላው ዝግ ሆኖ ነው የሚሄደው፤ ይህንን ለእናቱም ለእሱም ቃል ገብቻለሁ።

የት እንደሚከፈት ግን አሳዝኖኛል። ከዴንቨር በስተምዕራብ ሞሪሰን ተራራ ጥግ ላይ ባንዲሜር የሚባል የእሽቅድምድም ሜዳ ነበር፤ በ1958 ተከፍቶ በ2023 ተዘጋ። ከ5,800 ጫማ በላይ ላይ ነበር፤ እንግዶች ሞተራቸው ለምን እንደደከመ ግራ ይገባቸው ነበር። መጀመሪያ አሜሪካ የመጣሁ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ማታ እዚያ ተቀምጬ ሳይ ነው ይህ ሐሳብ የተጠነሰሰው። አሁን ፑዌብሎ መሄድ ይኖርብኛል፤ ከመቶ ማይል በላይ ወደ ደቡብ ነው፣ ከዚህም ዝቅ ይላል። መኪናዋ እዚያ እየተነዳች ደርሳ፣ ሮጣ፣ እየተነዳች መመለስ አለባት። ሰኞ ሥራ አለ።

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ደውዬ ስለ ናይትረሱ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እና አየሩን ከቤትህ ይዘህ ትወጣለህ ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ጣርማበር ላይ ቢኖረኝ ብሎ አልተመኘም። የጠየቀኝ ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚኖረው ነው። ጭስ እንደማይኖረውና ካንዴላውን አውጥቼ እንደማነብ አስረዳሁት፤ የካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ጥቃቅን የአልሙኒየም ነጠብጣብ ከታየ ፒስተኑ መቅለጥ መጀመሩ ነው። «ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ታየዋለህ?» አለ። ከእያንዳንዱ በኋላ አልኩት። ቀጥሎ የእህቴን ልጅ ጤና ነገረኝ።

ቅዳሜ ከልጄ ጋር የመጀመሪያውን ፋሻ ሞረድን። በሲሊንደሩ ውስጥ እኩል አስቀምጦ በስስ የብረት መለኪያ ይለካል፤ ይወጣል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞረዳል፣ ተመልሶ ይገባል። ከበዛ መመለሻ የለውም፤ ፋሻው ይጣላል። ግባችን 0.66 ሚሊሜትር ነው። ልጄ «ፋሻ» እና «ቴስታታ» የሚሉትን ቃላት እየደጋገመ ደብተሩ ላይ ቁጥሩን በእሱ ጽሕፈት ይጽፋል፤ ሲሊንደር አንድ፣ ላይኛው ፋሻ፣ 0.66። ለዚህ አንድ ፋሻ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። ላይኛውና ሁለተኛው ተቆጥሮ አሥራ አምስት ይቀሩናል፤ ቦምቦላው የሚገዛው እነሱ ሁሉም ከተጻፉ በኋላ ነው።